ፍየሏን መልሶ ማሻገር፦ ዕቅድና ብልጭታ በእንቆቅልሽ ፊት

ከአንድ ሰፊ ክፍል ጣሪያ ላይ ሁለት ረጃጅም ገመዶች ተንጠልጥለዋል። ወለሉ ላይ ወንበር፣ ዘንግ፣ ፒንሳ፣ የኤሌክትሪክ ማስረዘሚያ ገመድና ሌላም ኮተት ተበታትኗል። ወደ ክፍሉ ለሚገባው ሰው የሚሰጠው ሥራ ሲነገር ቀላል ነው፤ የሁለቱን ገመዶች ጫፍ አገናኝቶ ማሰር። ችግሩ አንደኛውን ይዞ ወደ ሌላው ሲራመድ መታወቅ ይጀምራል። ገመዶቹ ተራርቀው ስለተሰቀሉ እጅ አይደርስም።

እጁን አጣጥፎ የሚቆም ግን የለም። አንዱ የመጀመሪያውን ገመድ ወንበር ላይ አስሮ መሀል ያቆመዋል። ሌላው በማስረዘሚያው ይቀጥለዋል። ሦስተኛው ዘንጉን አንስቶ ገመዱን ወደ ራሱ ይስባል። ሁሉም ያስኬዳል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኖርማን ማየር ግን እያንዳንዱን መፍትሔ ካየ በኋላ ሌላ መንገድ እንዲፈልጉ ይጠይቃቸው ነበር። እሱ የሚጠብቀው አንድ የተለየ ዘዴ ነው፦ ፒንሳውን ከአንዱ ገመድ ጫፍ አስሮ እንደ ዥዋዥዌ መወርወር፣ ከዚያ ሌላውን ገመድ ይዞ መሀል ላይ መቆምና የሚወዛወዘው ሲመጣ መቅለብ።

እ.ኤ.አ. በ1931 በታተመው በዚህ ጥናት፣ ዘዴውን ያለ ምንም እርዳታ ያገኙት ከአሥር ሰዎች አራቱ ያህል ነበሩ። ለቀሩት ማየር ፍንጭ ሰጠ፤ በቃል ግን አይደለም። ወደ መስኮቱ የሚሄድ መስሎ ሲያልፍ አንዱን ገመድ ነካ ያደርገዋል፤ ገመዱም ትንሽ ይወዛወዛል። ከዚህ በኋላ ብዙዎቹ መልሱን ያገኙት አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ነው።

ይበልጥ የሚያስገርመው ቀጥሎ የመጣው ነው። እንዴት እንዳገኙት ሲጠየቁ አብዛኞቹ የገመዱን መወዛወዝ አላነሱም። መልሱ ከራሳቸው የፈለቀ ነበር የመሰላቸው። ከተፈታኞቹ አንዱ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ሲሆን፣ ሌላው ሁሉ ሲያልቅበት ወንዝ መሻገር እንደታሰበውና ጦጣዎች ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲወነጨፉ በዓይነ ሕሊናው እንደመጡበት አብራርቶ ተናገረ። ማየር ገመዱን መንካቱን ግን አላስተዋለም።

ሰው እንቆቅልሽ የሚፈታው እርምጃውን አስቀድሞ በማቀድ ነው ወይስ ድንገት በብልጭታ ሲበራለት? የማየር ክፍል ይህን ጥያቄ ለሥነ ልቦና ትቶለት አለፈ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶች ሲደማመሩ የሚያሳዩት ዕቅድ ሁልጊዜም የሚጓዘው ሰውየው ችግሩን ባየበት መልክ ውስጥ መሆኑን ነው። መልኩ ትክክል ከሆነ ማቀድ ያደርሳል። መልኩ ከተሳሳተ ግን ትጋቱ ራሱ እንቅፋት ይሆናል፤ ያኔ የሚያስፈልገው ሌላ እርምጃ ሳይሆን ሌላ አተያይ ነው።

ወንዝ ዳር የቆመው ገበሬ

ከማቀድ እንጀምር። ነብር፣ ፍየልና ጎመን ይዞ ወንዝ ስለሚሻገረው ገበሬ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ታንኳዋ ከገበሬው ሌላ አንድ ነገር ብቻ ትይዛለች። ብቻቸውን ከተተዉ ነብሩ ፍየሏን ይበላል፤ ፍየሏ ጎመኑን ትበላለች። አውሮፓውያን ይህንኑ በነብሩ ፈንታ ተኩላ አድርገው ያወሩታል። ከጥንታዊ ጽሑፎች መካከል የሚገኝበት የላቲን የእንቆቅልሽ ስብስብ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ804 ላረፈው ለንጉሥ ሻርለማኝ መምህር ለአልኩይን ነው።

መፍትሔው ሰባት ጉዞ ይፈጃል። መጀመሪያ ፍየሏ ትሻገራለች። ገበሬው ባዶውን ተመልሶ ነብሩን ያሻግራል። ሰው የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ነብሩንና ፍየሏን አንድ ዳር ላይ ትቶ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ገበሬው አንዴ ያሻገራትን ፍየል እንደገና ወደ መነሻው ይመልሳታል፤ ጎመኑን ወስዶ ከነብሩ ጋር ያኖራል፤ በመጨረሻ ለፍየሏ ይመጣል። ከሰባቱ ጉዞዎች ውስጥ የሚከብደው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም የተሠራን ሥራ የሚያፈርስ የሚመስለው።

ለምን እንደሚከብድ አለን ኒዌልና ኸርበርት ሳይመን ጥሩ ማብራሪያ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 ከባልደረባቸው ክሊፍ ሾው ጋር "አጠቃላይ ችግር ፈቺ" የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርተው ነበር። ፕሮግራሙ አሁን ያለበትን ሁኔታ ሊደርስ ከሚፈልገው ጋር ያወዳድራል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያጠብ እርምጃም ይመርጣል። ሁለቱ ሰዎች ጮክ ብለው እያሰቡ እንቆቅልሽ የሚፈቱ ተማሪዎችን ሲያዳምጡ ያገኙት ይህንኑ ዘዴ ነው። ብዙውን ጊዜ ያዋጣል። ከግቡ መራቅ ግድ በሚሆንበት ቦታ ግን ያደናቅፋል።

ጆን ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመው ጥናት ይህን በደቂቃና በስህተት ብዛት ለክቶታል። የእሱ ወንዝ ሦስት ሰላማውያንና ሦስት በላተኞች በሁለት ሰው ጀልባ የሚሻገሩበት ሲሆን፣ ሰላማውያን ባሉበት በየትኛውም ዳር በላተኞቹ መብለጥ የለባቸውም። መፍትሔው 11 ጉዞ ነው። ተፈታኞቹ በብዛት የተንገዳገዱት መሀል ላይ፣ ሁለት ሰዎችን አንድ ላይ መመለስ ግድ በሚሆንበት ጉዞ ነበር። በዚያ ቦታ የሚፈቀዱት እርምጃዎች እጅግ ጥቂት ናቸው። የተቸገሩት ምርጫ በዝቶባቸው አልነበረም፤ ወደ ኋላ መመለሱን ዓይናቸው እንደ እርምጃ ሊቆጥረው ስላልፈለገ እንጂ።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሰው ኤድዋርድ ሉካ እ.ኤ.አ. በ1883 ለገበያ ያቀረበው "የሃኖይ ግንብ" የተባለ ጨዋታም እዚሁ ላይ ይመሠረታል። ሦስት ምሰሶዎች አሉ። በአንደኛው ላይ ከትልቅ ወደ ትንሽ የተደረደሩ ዲስኮች ይቀመጣሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ዲስክ ብቻ እያነሱ፣ ትልቁን በትንሹ ላይ ሳይጭኑ፣ ሁሉንም ወደ ሌላ ምሰሶ ማዛወር ነው። ለሦስት ዲስክ 7 እርምጃ ይበቃል። በእያንዳንዱ ተጨማሪ ዲስክ እርምጃው እጥፍ ሆኖ አንድ ይጨመርበታል። ከጨዋታው ጋር የተፈጠረው ተረት 64 የወርቅ ዲስኮች ስላሏቸው መነኮሳት ይተርካል። በሴኮንድ አንድ ዲስክ ቢያነሱ እንኳ ከ580 ቢሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅባቸዋል። በተግባር ግን ቁልፉ ጥቂት ነው፦ ከሥር ያለውን ትልቁን ለማንሳት ከላዩ ያሉት ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ መነሳት አለባቸው። ትልቁ ግብ ወደ ትንንሽ ግቦች ይከፋፈላል።

ይህ ክፍፍል በአንጎል ውስጥ አድራሻ አለው። የለንደኑ ቲም ሻሊስ እ.ኤ.አ. በ1982 "የለንደን ግንብ" ብሎ የሰየመውን ቀለል ያለ ዓይነት አዘጋጀ። በዚህኛው ባለ ቀለም ሦስት ኳሶች ቁመታቸው በሚለያይ ሦስት ምሰሶዎች ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍላቸው፣ በተለይም በግራ በኩል፣ የተጎዳባቸው ታካሚዎች ከሌሎቹ ይልቅ ተቸገሩ። ችግራቸው ኳሶቹን ማንቀሳቀስ ሳይሆን ከማንቀሳቀሳቸው በፊት ማሰቡ ላይ ነበር።

አስቀድሞ ማሰብን የሚፈልጉ ጨዋታዎች በኢትዮጵያም ረጅም ዕድሜ አላቸው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 "ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር" ላይ በሰፊው የጻፈበት ገበጣ አንዱ ነው። ብርቱ ተጫዋች ጠጠሮቹን ሳያነሳ በዓይኑ ዘርቶ፣ የመጨረሻዋ የት ጉድጓድ እንደምታርፍ ያውቃል። መኳንንቱ የሚያዘወትሩት የጥንቱ ሰንጠረዥ ደግሞ ለየት ያለ አጀማመር ነበረው። "ወረራ" በሚባለው ምዕራፍ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ እኩል ያንቀሳቅሳሉ። የራስን እርምጃ ማቀድ ብቻውን አይበቃም፤ በዚያው ቅጽበት እየተለወጠ ያለውን የሌላውን አሰላለፍ ማንበብም ያስፈልጋል።

ማወቅ ሲያግድ

ኔዘርላንዳዊው አድሪያን ደ ኽሮት ዕውቅ የቼዝ ተጫዋቾች ጮክ ብለው እንዲያስቡ አድርጎ ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1946 አሳተመ። ብዙ ሰው እንደሚገምተው ታላላቆቹ ከሌሎቹ እጅግ አርቀው አያሰሉም ነበር። ጥሩውን እርምጃ ገና ከመነሻው ያዩት ነበር እንጂ። ሳይመንና ዊልያም ቼይስ እ.ኤ.አ. በ1973 ምክንያቱን አጠበቡት። ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ ሰሌዳ ለ5 ሴኮንድ ብቻ ሲታያቸው፣ ባለሙያው ከጀማሪው በብዙ የሚበልጥ ጠጠር አስታውሶ ደረደረ። ጠጠሮቹ በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን ብልጫው ጠፋ ለማለት ይቻላል። ባለሙያው የሚያየው ነጠላ ጠጠሮችን ሳይሆን የሚያውቃቸውን አሰላለፎች ነው።

ይህ ሀብት የራሱ ዕዳ አለው። ሜሪም ቢላሊች፣ ፒተር ማክሊዮድና ፈርናንድ ጎቤ እ.ኤ.አ. በ2008 ባቀረቡት ሙከራ፣ ጠንካራ ተጫዋቾች ሁለት መፍትሔ ያለው ሰሌዳ ተሰጣቸው። አንዱ ሁሉም የሚያውቀው፣ በአምስት እርምጃ የሚያልቅ ማት ነው። ሌላው እምብዛም ያልተለመደ፣ በሦስት እርምጃ የሚያልቅ ነው። ተጫዋቾቹ የለመዱትን ወዲያው አገኙ። አጠር ያለ ካለ እንዲፈልጉ ሲጠየቁም ሰሌዳውን ሁሉ እያሰሱ መሆናቸውን ተናገሩ። የዓይናቸውን እንቅስቃሴ የሚመዘግበው መሣሪያ ግን ሌላ መሰከረ፤ ዓይናቸው ደጋግሞ የሚያርፈው የመጀመሪያው ሐሳባቸው በሚመለከታቸው ካሬዎች ላይ ነበር። የለመዱት መፍትሔ እንዳይሠራ ተደርጎ ሰሌዳው ትንሽ ሲለወጥ ግን አጭሩን ለማየት አልተቸገሩም።

አብርሃም ሉቺንስ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1942 በውሃ ማሰሮዎች አሳይቶ ነበር። 21፣ 127 እና 3 መስፈሪያ የሚይዙ ሦስት ማሰሮዎች አሉ፤ 100 መስፈሪያ ውሃ ይለካ። ከትልቁ ላይ መካከለኛውን አንዴ፣ ትንሹን ሁለቴ መቀነስ ነው። ተፈታኞቹ በዚሁ ስሌት የሚፈቱ ጥያቄዎችን አከታትለው ከሠሩ በኋላ፣ 23፣ 49 እና 3 በሚይዙ ማሰሮዎች 20 እንዲለኩ ተጠየቁ። ብዙዎቹ አሁንም ረጅሙን መንገድ ተከተሉ፤ ከ23 ላይ 3 ማንሳት ግን ይበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ በመጣ ጥያቄ ማሰሮዎቹ 28፣ 76 እና 3 ሲሆኑ የሚፈለገው 25 ነው። እዚህ ላይ የለመዱት ስሌት ጨርሶ አይሠራም። አንድ ሕፃን ሊመልሰው በሚችለው የመቀነስ ስሌት ፊት በርካታ ጎልማሶች መልስ አጥተው ቀሩ።

በበርሊን የቮልፍጋንግ ኮለር ባልደረባ የነበረው ካርል ዱንከር ደግሞ የዕቃዎችን ነገር አጠና። ተፈታኙ ጠረጴዛ ላይ ካሉት ነገሮች መርጦ ትንንሽ ሻማዎችን በር ላይ ጎን ለጎን ማቆም አለበት። ከዕቃዎቹ መካከል የካርቶን ሳጥኖችና መምቻ ስፒሎች አሉ። መፍትሔው ሳጥኖቹን በስፒል በሩ ላይ መትቶ የሻማ ማስቀመጫ ማድረግ ነው። ሳጥኖቹ ባዶ ሆነው ሲቀርቡ ከ7 ሰዎች 7ቱም ፈቱት። ሻማና ስፒል ተሞልተው ሲቀርቡ ግን የፈቱት 3 ብቻ ናቸው። በሁለቱም ጊዜ ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ዕቃዎች እኩል ናቸው። የተለወጠው ሳጥኑ አስቀድሞ ሥራ ይዞ መታየቱ ነው፤ የያዘ ዕቃ መደርደሪያ መሆን እንደሚችል ለማሰብ ይከብዳል።

የተጎዳው አንጎል የቀደመበት ጥያቄ

በክብሪት እንጨት የሚሠራ አንድ እንቆቅልሽ አለ። በሮማውያን ቁጥር ሦስት፣ እኩል ይሆናል፣ ሦስት ሲደመር ሦስት ተብሎ ተጽፏል። ሦስት ማለት ሦስት የቆሙ እንጨቶች ናቸው። አንድ እንጨት ብቻ በማንቀሳቀስ ስሌቱን ማስተካከል ነው። አብዛኛው ሰው ዓይኑን ቁጥሮቹ ላይ ይተክላል፤ ከዚህ አንስቶ እዚያ ቢጨምር ብሎ ያወጣል ያወርዳል። አያስኬድም። መልሱ ምልክቱ ላይ ነው። የመደመር ምልክቱን የቆመ እንጨት አንስተው ቢያጋድሙት ሁለተኛ የእኩል ምልክት ይወጣዋል፤ ሦስት እኩል ነው ሦስት እኩል ነው ሦስት።

ጣሊያናዊው ካርሎ ሬቨርቤሪና ባልደረቦቹ ይህን ዓይነቱን ጥያቄ የግንባር አንጎላቸው የጎን ክፍል ለተጎዳ ታካሚዎችና ለጤነኞች ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ውጤት ለማመን የሚያስቸግር ነበር። ከጤነኞቹ የፈቱት 43 በመቶ ሲሆኑ ከታካሚዎቹ ግን 82 በመቶ ናቸው።

የሻሊስን ኳሶች ማቀድ ያቃታቸውም ከግንባር ጀርባ የተጎዱ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ጥናቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዕቅድና ብልጭታ ምን ያህል እንደተሳሰሩ ይታያል። የግንባር አንጎል ጎኖች ሥራ ሰው በየትኞቹ አማራጮች ላይ እንዲያተኩር ማጥበብ ነው። "ቁጥር ይለወጣል፤ ምልክት ግን አይነካም" የሚለው ልማድ በትምህርት ቤት ሒሳብ ውስጥ ይጠቅማል። በዚህ እንቆቅልሽ ግን ማንም ያልከለከለውን መንገድ ይዘጋል። አጥሩ የላላበት ሰው ምልክቱን ለመንካት አላመነታም።

ያም ሆኖ ማቀድ የብልጭታ ጠላት ነው ብሎ መደምደም ስህተት ይሆናል። ሦስት በሦስት ሆነው የተደረደሩ ዘጠኝ ነጥቦችን እጅ ሳያነሱ በአራት ቀጥ ያሉ መስመሮች ማገናኘትን የሚጠይቀውን እንቆቅልሽ ብዙዎች ያውቁታል። ከነጥቦቹ አደባባይ ሳይወጡ የሚሞክሩት ሰዎች የመጀመሪያው መስመር ሦስት፣ ቀጣዮቹ ሁለት ሁለት ነጥብ ሲይዙላቸው ሥራው የሰመረ ይመስላቸዋል። አራተኛው አንድ ይዞ አንድ ይቀራል። ሮበርት ዋይስበርግና ጆሴፍ አልባ እ.ኤ.አ. በ1981 እንዳሳዩት፣ "ከአደባባዩ ውጡ" ብሎ መንገር ብቻውን ያን ያህል አይረዳም። ጄምስ ማክግሬገር፣ ቶማስ ኦርመሮድና ኤድዋርድ ክሮኒክል እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረቡት ማብራሪያ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሁለት ሦስት እርምጃ አርቆ ማየት የሚችል ሰው የያዘው መንገድ እንደማያደርስ ቀድሞ ይገባዋል። ቶሎ ተስፋ ስለሚቆርጥበትም ሌላ መንገድ መፈለግ የሚጀምረው ቀድሞ ነው። አርቆ ማቀድ መልሱን ባይሰጥም የተሳሳተውን አተያይ ዕድሜ ያሳጥረዋል።

ሱልጣንና ሁለቱ ቀርከሃዎች

የብልጭታ ጥናት ስሙን ያገኘው ተነሪፍ በተባለችው የስፔን ደሴት ላይ ነው። ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ኮለር እ.ኤ.አ. በ1913 መጨረሻ እዚያ የደረሰው የፕሩሲያ ሳይንስ አካዳሚ የከፈተውን የቺምፓንዚ ጣቢያ ለመምራት ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በመፈንዳቱ እስከ 1920 ድረስ እዚያው ቆየ።

ከዚያ ቀደም ገንኖ የነበረው የአሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ሐሳብ ነው። ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ሥራው ድመቶችን ገመድ ሲጎተት ወይም መቀርቀሪያ ሲነካ በሚከፈት ሣጥን ውስጥ አስገብቶ፣ ለመውጣት የሚፈጅባቸውን ጊዜ መዝግቦ ነበር። ጊዜው ከሙከራ ወደ ሙከራ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ድንገት የገባት ድመት አልታየችም። ሁሉም ነገር ሙከራና ስህተት ነው ብሎ ደመደመ። ኮለር ግን ድመቷ የመክፈቻውን አሠራር ማየት በማትችልበት ሣጥን ውስጥ እንዴት ማስተዋል ይጠበቅባታል ባይ ነበር። የእሱ እንስሳት የሚፈልጉት ሁሉ በዓይናቸው ፊት ነው።

ሱልጣን ከቺምፓንዚዎቹ ሁሉ ንቁ ነበር። ከፍርግርጉ ውጪ ፍሬ ተቀምጧል፤ ውስጥ ደግሞ ውፍረታቸው የሚለያይ ሁለት ቀርከሃዎች አሉ፤ አንዳቸውም ብቻቸውን ፍሬው ጋ አይደርሱም። ሱልጣን ከአንድ ሰዓት በላይ ታገለ። ኮለር ጣቱን በአንዱ ቀርከሃ ቀዳዳ ውስጥ አስገብቶ ፍንጭ ቢሰጠውም አልረዳውም። በመጨረሻ ሙከራው ተቋረጠና ኮለር ሄደ፤ ጠባቂው ብቻ ቀረ። ሱልጣን ፍሬውን ትቶ ሣጥን ላይ ተቀመጠና በቀርከሃዎቹ መጫወት ያዘ። ሲጫወት ሁለቱ በአንድ መስመር ገጥመው እጁ ላይ ሆኑ። ቀጭኑን ወፍራሙ ውስጥ ሰካው፤ ዘሎ ተነሳና ወደ ፍርግርጉ ሮጠ። ዝነኛው ቅጽበት የታወቀው ከጠባቂው አንደበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1917 የታተመው የኮለር መጽሐፍ ብልጭታን እንደ ሙሉ ሥዕል አቀረበው፦ የተለያዩ ነገሮች በአንድ ጊዜ ተገናኝተው አዲስ ትርጉም ሲይዙ። ሄርበርት በርች እ.ኤ.አ. በ1945 በዚህ ሥዕል ላይ አንድ ነገር ጨመረ። ዱላ ይዘው የማያውቁ ወጣት ቺምፓንዚዎች በዱላ ምግብ መሳብ አልሆነላቸውም። ሦስት ቀን በዱላ እንዲጫወቱ ከተተዉ በኋላ ግን ሁሉም ወዲያው ፈቱት። ማንም አላስተማራቸውም፤ ሲጫወቱ ግን ዱላ የእጅ ማራዘሚያ መሆኑን ቀስመዋል። ድንገተኛ የሚመስለው ነገር ጓዙን አስቀድሞ ሰብስቦ ነበር።

ጓዙ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም። ሜሪ ጊክና ኪት ሆልዮክ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባሳተሟቸው ጥናቶች ለተማሪዎች አንድ የጦር ታሪክ አስነበቡ። ወደ ምሽጉ የሚያደርሱት መንገዶች ፈንጂ ስለተቀበረባቸው ጄኔራሉ ሠራዊቱን በትንንሽ ቡድን ከፋፍሎ ከየአቅጣጫው ይልከውና ምሽጉ ላይ ያገናኘዋል። ከዚያ የዱንከርን የሐኪም ጥያቄ ሰጧቸው። ዕጢን የሚያጠፋ ብርቱ ጨረር በመንገዱ ያለውን ጤነኛ ሥጋ ያቃጥላል፤ ደካማው ጨረር ደግሞ ዕጢውን አይነካውም፤ ምን ይደረግ? መልሱ ከየአቅጣጫው ደካማ ጨረሮችን ልኮ ዕጢው ላይ ማገናኘት ነው። ታሪኩን ካነበቡት መካከል በራሳቸው ያገናኙት ከአሥር ሦስቱ ያህል ናቸው። "ያነበባችሁት ታሪክ ሊረዳችሁ ይችላል" ሲባሉ ቁጥሩ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። መልሱ አእምሯቸው ውስጥ ቢኖርም አንዱ የጦር፣ ሌላው የሕክምና ተብሎ ስለተቀመጠ ሳይገናኝ ኖሯል።

የአገራችን እንቆቅልሽ የሚጠቀመው በዚሁ መንገድ ነው። "እንቆቅልሽ" ሲል ጠያቂው፣ "ምን አውቅልህ" ይላል ተጠያቂው። "ሰውን ሁሉ ታለብሳለች፣ እሷ ግን ራቁቷን ናት" ከተባለ፣ "ታለብሳለች" የሚለው ግስ አድማጩን ወደ ሰው ይመራዋል፤ እናት ናት፣ እመቤት ናት ይላል። ሰው ሰው እያለ እስከፈለገ ድረስ መርፌ አትመጣለትም። ያቃተው ሲበዛበት "ሀገር ስጠኝ" ይባላል፤ ሀገር ሰጥቶ መልሱን ሲሰማ ሁሉም ፍንጭ ከፊቱ እንደነበረ ያውቃል።

ከመልሱ በፊት ያለው ቅጽበት

ጃኔት ሜትካፍና ዴቪድ ዊብ እ.ኤ.አ. በ1987 ሰዎች ጥያቄ በሚፈቱበት ጊዜ በየ15 ሴኮንዱ ለመልሱ ምን ያህል እንደቀረቡ እንዲገምቱ አደረጉ። የአልጀብራ ጥያቄ ላይ ግምቱ ደረጃ በደረጃ ከፍ ይላል፤ ሰውዬው እየቀረበ መሆኑን ያውቃል። የብልጭታ ጥያቄ ላይ ግን ግምቱ እስከ መጨረሻው ዝቅ ብሎ ይቆይና መልሱ ሲመጣ ብቻ በአንድ ጊዜ ይነሳል። ሊፈታ ጥቂት ሴኮንድ የቀረውና ጨርሶ የማይፈታው ሰው በስሜታቸው አይለዩም።

ራሱ ባያውቀውም አንጎሉ ግን አስቀድሞ ይንቀሳቀሳል። ማርክ ቢማን፣ ጆን ኩኒዮስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት ጥናት በሦስት ቃላት ላይ የሚጣመር አራተኛ ቃል ማግኘትን ይጠይቃል። በአማርኛ ቢዘጋጅ "ፍርድ፣ ሻይ፣ ክርስቲያን" ለሚሉት "ቤት" መልስ ይሆን ነበር። ተፈታኞቹ መልሱን በብልጭታ ወይስ በሙከራ እንዳገኙት ይናገራሉ። ድንገት በመጣላቸው ጊዜ መልሱን ከማሳወቃቸው የሴኮንድ ሲሦ ያህል ቀደም ብሎ ከቀኝ ጆሮ በላይ ባለው የአንጎል ክፍል ፈጣን የኤሌክትሪክ ሞገድ ይነሳል። ከዚያም ቀደም ብሎ በአንጎል የኋላ ክፍል፣ ዓይን የሚያመጣው መረጃ በሚደርስበት አካባቢ፣ አልፋ የተባለው ዝግ ያለ ሞገድ ይጨምራል። ተመራማሪዎቹ ይህን የተረጎሙት አንጎል ከውጭ የሚመጣውን ለአፍታ እንደ መቀነስ ነው፤ ከውስጥ የሚመጣው ደካማ ሐሳብ እንዲሰማ።

ጥያቄውን ተወት ማድረግም የሚረዳበት ጊዜ አለ። ኡት ና ሲዮና ቶማስ ኦርመሮድ እ.ኤ.አ. በ2009 በ117 ጥናቶች ላይ ባደረጉት ድምር ትንተና፣ ዕረፍት በአማካይ እንደሚጠቅምና በዕረፍቱ ጊዜ የሚሠራው ነገር ቀላል ሲሆን ጥቅሙ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። እንቅልፍ ደግሞ የራሱ ድርሻ አለው። በጀርመን ሉቤክ ኡልሪክ ዋግነር፣ ያን ቦርንና ባልደረቦቻቸው ለተፈታኞች አሰልቺ የቁጥር ሥራ ሰጡ፤ ሥራውን በአንዴ የሚያሳጥር ሕግ ግን በውስጡ ተደብቋል። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመው ውጤት፣ በመካከሉ ስምንት ሰዓት ከተኙት ሕጉን ያገኙት 59 በመቶ ሲሆኑ፣ ያልተኙት ግን 23 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው።

ቶማስ ኤዲሰን ለሸለብታ ሲቀመጥ የብረት ኳስ በእጁ ይይዝ እንደነበር ይነገራል፤ ሲያንቀላፋ ኳሱ ወድቆ ይቀሰቅሰዋል። የፓሪስ ተመራማሪዎች ዴልፊን ኡዲዬትና ባልደረቦቿ ዘዴውን በዚያው የቁጥር ሥራ ላይ ፈተሹት። እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት በዕረፍቱ ጊዜ ቢያንስ 15 ሴኮንድ በመጀመሪያው፣ እጅግ ቀላሉ የእንቅልፍ ደረጃ ላይ የቆዩት ሰዎች 83 በመቶ ሕጉን አገኙ። ነቅተው የቆዩት 30 በመቶ፣ ጠለቅ ወዳለ እንቅልፍ የገቡት ደግሞ 14 በመቶ ናቸው።

እርግጠኝነት ሲያታልል

በብልጭታ የመጣ መልስ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። ካሮላ ሳልቪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 የቃላት እንቆቅልሾችን ሲመረምሩ፣ በብልጭታ መጡ ከተባሉት መልሶች 94 በመቶ፣ ደረጃ በደረጃ ከተገኙት ደግሞ 78 በመቶ ያህሉ ልክ ነበሩ። የብልጭታ ስሜት ታማኝ የሚሆነውም በዚህ ነው። ይሁንና ስሜቱ ከመልሱ ተነጥሎ መኖር ይችላል። ሩበን ላውኮነንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ሙከራ፣ አንድ አባባል ውስጥ ያለ ቃል ፊደሎቹ ተዘበራርቀው ይቀርባሉ። ቃሉን ፈትተው "አሃ" ያሉ ሰዎች አባባሉን የበለጠ እውነት አድርገው ገመቱት፤ ሐሰት የሆኑት አባባሎችም ከዚህ አላመለጡም። ቃል በመፍታታቸው የተሰማቸው ደስታ ወደማይመለከተው ነገር ተሻገረ።

ሜትካፍ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ ጠቋሚ ነገር አይታ ነበር። የብልጭታ ጥያቄ ሲፈቱ "እየቀረብኩ ነው" የሚል ስሜት ደረጃ በደረጃ የጨመረላቸው ሰዎች የሚሰጡት መልስ የተሳሳተ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነበር።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ አንሪ ፖንካሬ ይህን በራሱ ሕይወት ያውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 ባደረገው ንግግር፣ ካን በተባለችው ከተማ ይኖር በነበረበት ዘመን በአንድ የሥነ ምድር ጉብኝት ወቅት የገጠመውን ተርኳል። ለብዙ ጊዜ የታገለውን የሒሳብ ጥያቄ በጉዞው ረስቶት ነበር። ኩታንስ በተባለች ከተማ የፈረስ ኦምኒባስ ሊሳፈር እግሩን መወጣጫው ላይ ሲያሳርፍ፣ የሠራቸው አዳዲስ ፈንክሽኖች ከኢዩክሊዳዊ ጂኦሜትሪ ውጪ ባለው ጂኦሜትሪ ውስጥ ካሉት ለውጦች ጋር አንድ መሆናቸው በራለት። የሚያጣራበት ጊዜ አልነበረውም፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የጀመረውን ወሬ ቀጠለ፤ ቅንጣት ጥርጣሬ ግን አልነበረውም።

በዚያው ንግግሩ ፖንካሬ እንዲህ ያለው ፍጹም እርግጠኝነት አንዳንዴ እንደሚያታልለው፣ ሲያታልልም ኃይሉ ከሌላ ጊዜ እንደማያንስ ተናግሯል። ይህ በተለይ የሚደርስበት ጠዋት ወይም ማታ አልጋው ላይ በከፊል ነቅቶ በከፊል ተኝቶ እያለ በሚመጡለት ሐሳቦች ላይ ነበር፤ የፓሪሶቹ ጥናት ብልጭታ ይበዛበታል ያለው ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ካን ሲመለስ የኩታንሱን ሐሳብ ለሕሊናው ሲል ቁጭ ብሎ መረመረው። ስሌቱ አስኬደው።